የማኒላ ጋሊዮን ምንድን ነው?

የማኒላ ጋሊዮን የሚባለው ከ1565 እስከ 1815 በፊሊፒንሷ ማኒላና በሜክሲኮዋ አካፑልኮ መካከል ፓስፊክ ውቅያኖስን እያቋረጠ ይመላለስ የነበረው የስፔን ዘውድ የንግድ መርከብ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጋሊዮን ኋላው ከፍ ያለ፣ ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት ምሰሶ፣ ሸቀጥም መድፍም የሚጭን የእንጨት መርከብ ነው። ከማኒላ ሲነሳ የቻይና ሐርና ፖርሴሊን፣ የህንድ ጥጥ ጨርቅ፣ ሰም፣ ቅመማ ቅመም ይጭናል። ከአካፑልኮ ሲመለስ ግን ጭነቱ በአብዛኛው አንድ ነገር ነው፤ እሱም በሳንቲም መልክ የተመታ ብር።

ስለ አውሮፓውያን የባሕር አሰሳ ሲነሳ ኮሎምበስና ቫስኮ ዳ ጋማ ቀድመው ይጠራሉ። አሜሪካንና እስያን በቋሚ ንግድ ያስተሳሰረው ግን ይህ መስመር ነው። አሠራሩን ለመረዳት ሁለት ነገሮችን መያዝ ያስፈልጋል። አንደኛው ብር በቻይና የነበረው ዋጋ ነው። ሁለተኛው በዓመት ከሁለት መርከብ በላይ እንዳይሄድ የተጣለው ገደብ ነው። ንግዱን የወለደው የመጀመሪያው ነው፤ መርከቦቹን ያሰመጠውና ሰዉን ያስጨነቀው ግን በአመዛኙ ሁለተኛው ነው።

ከዋጋው እንጀምር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በስፔን አንድ ግራም ወርቅ ለመግዛት 12 ግራም ያህል ብር ይጠይቅ ነበር፤ በቻይና 6 ግራም ገደማ ይበቃል። አንድ ነጋዴ ምንም ሌላ ሥራ ሳይሠራ ብሩን ውቅያኖስ በማሻገር ብቻ የመግዛት አቅሙን በእጥፍ ሊያሳድግ ይችል ነበር ማለት ነው። ምክንያቱ ቻይና ውስጥ ነው። የሚንግ መንግሥት የወረቀት ገንዘብ ዋጋ አጥቶ ከገበያ ወጥቶ ነበር፤ በእህልና በጉልበት ይከፈል የነበረው ግብርም ቀስ በቀስ ወደ ብር ተለወጠ። በዚያ ሕዝብ ብዛት ገበሬው ሁሉ ግብሩን በብር ክፈል ሲባል ፍላጎቱ ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አይከብድም። በ1567 ደግሞ መንግሥቱ በባሕር ንግድ ላይ የነበረውን እገዳ አላልቶ የፉጂያን ግዛት ነጋዴዎች ከዩዌጋንግ ወደብ በፈቃድ እንዲወጡ ለቀቃቸው። ስፔናዊው ሌጋስፒ ማኒላን በ1571 የስፔን ከተማ ሲያደርጋት ብሩን የሚገዛው ቻይናዊ ነጋዴ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር።

ብሩ የሚመጣው በ1545 ከተገኘው የፖቶሲ ተራራ (በዛሬዋ ቦሊቪያ) እና በ1546 ከተገኘው የሜክሲኮው ዛካቴካስ ነው። ምርቱን ያበዛው ባርቶሎሜ ዴ ሜዲና በ1550ዎቹ አጋማሽ በሜክሲኮ ፓቹካ የጀመረው ዘዴ ነው። ድንጋዩ ይፈጭና በውኃ ተቦክቶ በሰፊ ግቢ ላይ ይነጠፋል። ጨው፣ የመዳብ ሰልፌትና ባዜቃ ይጨመርበትና ለሳምንታት በእግር ይረገጣል። ባዜቃው ብሩን ይይዘዋል፤ ጭቃው በውኃ ታጥቦ ይሄዳል፤ የቀረው በእሳት ሲሞቅ ባዜቃው ይተንና ብሩ ይቀራል። የሚተነውን የሚተነፍሱትና ጭቃውን የሚረግጡት ሠራተኞች በመርዙ ይንቀጠቀጡ፣ ጥርሳቸው ይረግፍ ነበር። ፖቶሲ ከ1570ዎቹ ጀምሮ ከዙሪያዋ ካሉ አውራጃዎች በየዓመቱ ከ13,000 በላይ ወንዶች በግዴታ እንዲመጡላት ይታዘዝ ነበር። በሐሩ ዋጋ ውስጥ ይህም አለ።

መንገዱን ማግኘት ቀላል አልነበረም። ከአሜሪካ ወደ እስያ መሄድ ከማጄላን ጀምሮ ይታወቃል፤ በምድር ወገብ ሰሜን የሚነፍሰው የምሥራቅ ነፋስ ሸራውን ይዞ ይነዳል። ችግሩ መመለሱ ነው። ያው ነፋስ ፊት ለፊት ስለሚመታ ከ1522 ጀምሮ የሞከሩት ሁሉ ወይ ሰዎቻቸው አልቀውባቸው ወይ ተሸንፈው ወደ እስያ ደሴቶች ተመልሰዋል። መልሱን ያገኘው መርከበኛ የነበረው መነኩሴ አንድሬስ ዴ ኡርዳኔታ ነው። ሰኔ 1 ቀን 1565 ከሴቡ የተነሳው ሳን ፔድሮ መርከብ በቀጥታ ወደ ምሥራቅ ከመጋፋት ይልቅ ወደ ሰሜን ወጣ፤ ከጃፓን ኬክሮስ አካባቢ የምዕራቡን ነፋስና የኩሮሺዮን ሞገድ ያዘና ካሊፎርኒያ ደረሰ፤ ከዚያ የባሕሩን ጠረፍ ተከትሎ ወርዶ ጥቅምት 8 አካፑልኮ ገባ። ከዚሁ ጉዞ ተነጥላ የቀረችው የአሬያኖ ትንሽ መርከብ ሁለት ወር ቀድማ ሜክሲኮ ደርሳ ነበር፤ ነገር ግን ለሌላ ሰው የሚሆን መዝገብ ይዞ የተመለሰው ኡርዳኔታ ስለነበረ ለ250 ዓመት የተሠራበት የእሱ መስመር ነው።

የዓመቱ ዑደት እንዲህ ነው። መርከቡ በመጋቢት ገደማ ከአካፑልኮ ይነሳል፤ ሦስት ወር ያህል ተጉዞ፣ በጉዋም በኩል አልፎ ማኒላ ይገባል። ይህኛው ጉዞ ቀላል ነው። በመልሱ ጉዞ ማኒላ አጠገብ ካለው ካቪቴ ወደብ በሰኔ መጨረሻ መነሳት አለበት፤ የደቡብ ምዕራቡ የክረምት ነፋስ እስከ ሳን ቤርናርዲኖ ወሽመጥ ድረስ በደሴቶቹ መካከል አውጥቶ ወደ ሰሜን የሚገፋው ያኔ ነው። ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ ከተነሳ ታይፉን የሚባለው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ መንገድ ላይ ያገኘዋል። አካፑልኮ የሚደርሰው በታኅሣሥ ወይም በጥር፣ ከአምስትና ከስድስት ወር በኋላ ነው። በ1696 በዚህ መርከብ የተሳፈረው ጣሊያናዊው መንገደኛ ጄሜሊ ካሬሪ 204 ቀን ፈጅቶበታል።

ታዲያ ቀኑ እየታወቀ ለምን ይዘገያል? እዚህ ላይ ገደቡ ይመጣል። የሴቪያ ነጋዴዎችና የስፔን ሐር ሠሪዎች የቻይና ሐር ገበያችንን ወሰደብን ብለው በመጮሃቸው፣ በ1593 በዓመት ሁለት መርከብ ብቻ፣ እያንዳንዱም ከ300 ቶን ሳይበልጥ እንዲሄድ ተደነገገ። ከማኒላ የሚወጣው ሸቀጥ ከ250,000 ፔሶ፣ ከአካፑልኮ የሚመለሰው ብር ከ500,000 ፔሶ እንዳይበልጥም ተወሰነ። ፔሶው 27 ግራም የሚመዝን የብር ሳንቲም ነው፤ አያቶቻችን የሚያውቁት ጠገራ ብር 28 ግራም ስለሆነ በእጅ ሲያዝ ልዩነቱ አይታወቅም።

ትርፉ እየታየ ቦታው ሲጠብ የሚሆነው ይታወቃል። የመርከቡ የጭነት ክፍል እኩል መጠን ባላቸው እስሮች ተለክቶ ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ እስር ደግሞ በአራት ይከፈላል፤ በጠቅላላው ብዙውን ጊዜ 4,000 ድርሻ ገደማ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ድርሻ ቦሌታ የሚባል ወረቀት ይሰጣል። ቦሌታው ለማኒላ ስፔናውያን ይታደላል፤ ባለሥልጣናት፣ ቀሳውስት፣ የወታደር ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ሳይቀሩ ያገኛሉ። መሸጥ ክልክል ቢሆንም ገንዘብ የሌለው ድርሻውን ለሀብታም ነጋዴ ይሸጣል። ለሸቀጥ መግዣ የሚያበድሩት ደግሞ የበጎ አድራጎት ማኅበራት ነበሩ፤ ለድሆችና ለወላጅ አልባ ልጆች የተናዘዙላቸውን ገንዘብ መርከቡ ከሰመጠ ዕዳው እንዲሰረዝ፣ ከደረሰ ግን በከፍተኛ ወለድ እንዲመለስ አድርገው ይሰጣሉ። ብድርም ኢንሹራንስም አንድ ላይ ማለት ነው።

ሐሩን የሚያስሩት ቻይናውያን አሳሪዎች በዚያ ጠባብ እስር ውስጥ ይገባል ተብሎ የማይታሰብ ብዛት ጨቁነው ያስገባሉ። የቦሌታ ክፍፍሉ ክርክር፣ የቻይና ጀልባዎች መዘግየት፣ በመጨረሻ ሰዓት የሚገባው ኮንትሮባንድ ሁሉ መነሻውን ወደ ሐምሌና ነሐሴ ይገፋዋል። መርከቡም በሕጉ አልቆየም፤ በ1762 እንግሊዞች የማረኩት ሳንቲሲማ ትሪኒዳድ 2,000 ቶን ገደማ ነበር። በብሩም በኩል ማስረጃ አለ። በ1743 እንግሊዛዊው የባሕር ኃይል አዛዥ አንሰን ኮቫዶንጋ የተባለውን ጋሊዮን ሳማር ደሴት አጠገብ ሲይዝ 1,313,843 ፔሶ ቆጥሮ አወጣ፤ የወቅቱ ፈቃድ 1,000,000 ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዓመት ወደ 2 ሚሊዮን ፔሶ፣ ማለትም 50 ቶን ያህል ብር፣ በዚህ መስመር ያልፍ እንደነበር የሚገምቱ የታሪክ ምሁራን አሉ።

ከመጠን በላይ የተጫነ መርከብ መጀመሪያ የሚጎድልበት ውኃ ነው። ውኃ የሚያዘው በሸክላ ጋን ነው፤ ጋኑ የሚቀመጥበት ቦታ ሐር የሚገባበት ቦታ ስለሆነ ጋኖቹ ይቀነሳሉ፣ የቀሩትም በገመዶቹ ላይ ይንጠለጠላሉ። ሰሜን ላይ ዝናብ ሲመጣ በሰሌን አጠራቅሞ መጠጣት ነው፤ ካልዘነበ ጥም ነው። ብስኩቱን ነቀዝ ይበላዋል። ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ በማጣት የሚመጣው ስከርቪ ድድን ያሳብጣል፣ የቆየ ቁስልን መልሶ ይከፍታል፤ ቤሪቤሪ ደግሞ እግርን ያሳብጣል። ከአምስት ወር በኋላ በባሕሩ ላይ ተንሳፋፊ ሣር ሲታይ ሴኛስ (ምልክቱ ጋ) ደረስን ብለው የምስጋና መዝሙር ይዘምራሉ፤ መርከበኞቹ የዳኛ ልብስ ለብሰው ሹማምንቱንና መንገደኞቹን እየከሰሱ መቀጮ ያስከፍላሉ። የካሊፎርኒያ ጠረፍ ቀርቧል ማለት ነው።

በ250 ዓመት ውስጥ ከ30 በላይ ጋሊዮኖች ጠፍተዋል። ሳን ፌሊፔ በሐምሌ 1596 ተጨናንቆ ተነሳ፤ ታይፉን መሪውን ሰብሮ ጃፓን ቶሳ ጠረፍ ጣለው። የጃፓን ገዢ ሂዴዮሺ ጭነቱን ወረሰ፤ ከዚያ በተነሳው ቁጣ በየካቲት 1597 በናጋሳኪ 26 ክርስቲያኖች ተሰቀሉ። ኮንሴፕሲዮን በ1638 ሳይፓን ደሴት ላይ ተሰባብሮ ከ400 ገደማ ሰዎች የተረፉት ጥቂት አሥሮች ናቸው። አዛዡ ልምድ ያልነበረው የማኒላው ገዢ የወንድም ልጅ ነበር። የአዛዥነት ሹመት በአንድ ጉዞ ሀብታም የሚያደርግ ስለነበር ለዘመድ ይሰጥ ነበርና ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም።

የመርከቡን ዕዳ ከሁሉ በላይ የተሸከሙት ፊሊፒንሳውያን ናቸው። ማዕዘኑና ጎድኑ ሞላቬ ከሚባል ጠንካራ ዛፍ፣ ግድግዳው የመድፍ ጥይት ውጦ ከሚያስቀር ላናንግ፣ ገመዱ ከእንሰት ጋር አንድ ቤተሰብ ከሆነው ከአባካ ቃጫ፣ ሸራው ከኢሎኮስ ጥጥ ይሠራል። ዛፉን የሚቆርጠውና የሚጎትተው በግዴታ ሥራ የሚወጣ ገበሬ ነው፤ ሕጉ በዓመት 40 ቀን ይላል፣ በተግባር ግን ወራት ይወስዳል። በዘመኑ ለንጉሡ የቀረበ አንድ አቤቱታ ለአንድ ጋሊዮን ምሰሶ ብቻ 6,000 ሰዎች ለሦስት ወር ያለ ስንቅ ተራራ ለተራራ እንደጎተቱ ይናገራል። በዚያ ጊዜ እርሻው ጦም ያድራል። በ1649 የሳማር ሰዎች ርቀው ካቪቴ መርከብ እንዲሠሩ ሲታዘዙ ሱሙሮይ በሚባል ሰው መሪነት አመፁ፤ አመፁ ወደ ሌሎች ደሴቶች ተዛምቶ በኃይል ታፈነ።

መርከበኞቹም አብዛኞቹ ፊሊፒንሳውያን ነበሩ፤ ደመወዛቸው ከስፔናውያኑ ያነሰ፣ ለሐሩር ልብስ ለብሰው ወደ ሰሜኑ ብርድ የሚገቡ። በ1618 በኤስፒሪቱ ሳንቶ መርከብ አካፑልኮ ከደረሱት 75 ውስጥ የተመለሱት ከ5 አይበልጡም። ሌሎቹ ሜክሲኮ ቀርተው ከኮኮናት ዛፍ የሚጠጣ ነገር ማውጣት ለአገሬው አስተማሩ። በዚያው መርከብ ከእስያ ባሪያ ሆነው የተወሰዱ ብዙ ሰዎችም ነበሩ፤ የስፔን ዘውድ ነፃ ናችሁ ያላቸው በ1672 ነው።

ማኒላ ራሷ ያለ ቻይናውያን አንድ ሳምንት መኖር አትችልም ነበር። ሸቀጡን የሚያመጡት፣ ዳቦዋን የሚጋግሩት፣ ልብሷን የሚሰፉት፣ ቤቷን የሚገነቡት እነሱ ሆነው ሳለ ከቅጥሩ ውጭ፣ በመድፍ አፍ ሥር፣ ፓሪያን በሚባል ሰፈር እንዲኖሩ ተደረጉ። ስፔናውያኑ በቁጥር ስለሚያንሱ ይፈሯቸዋል። በ1603 ጥርጣሬው ወደ አመፅና ጭፍጨፋ ሄደ፤ የሟቾቹ ቁጥር ከ15,000 እስከ 30,000 ይገመታል። በሚቀጥለው ዓመት የፉጂያን ጀልባዎች እንደገና መጡ፤ ፓሪያንም እንደገና ተሞላች። በ1639 ጭፍጨፋው ተደገመ።

በሌላ በኩል ደግሞ ከሜክሲኮ የመጣው ስኳር ድንች በ1593 ከሉዞን ወደ ፉጂያን ተሻገረ፤ ሩዝ በማይበቅልበት ኮረብታ ላይ እየተተከለ በድርቅ ዘመን ብዙ ሕዝብ አተረፈ። የሜክሲኮ የሐር ትል አርቢዎች ግን የቻይናን ዋጋ መቋቋም አቅቷቸው ከሥራ ወጡ፤ ከእነሱ ብዙዎቹ የሚሽቴካ አካባቢ የአገሬው ተወላጆች ነበሩ።

ጋሊዮኑን ያቆመው የሜክሲኮ የነፃነት ጦርነት ነው። በ1813 የነፃነት ታጋዮቹ መሪ የሞሬሎስ ተዋጊዎች አካፑልኮን ያዙ፤ በዚያው ዓመት ስፔን መስመሩ እንዲዘጋ ወሰነች፤ የመጨረሻው መርከብ ማጋያኔስ በ1815 ከአካፑልኮ ወጣ። ፔሶው ግን በግል ነጋዴዎች መርከብ መጓዙን ቀጠለ። በዩናይትድ ስቴትስ እስከ 1857 ሕጋዊ መገበያያ ነበር፤ የቻይና ገንዘብ ለዋጮችም ትክክለኛነቱን ባረጋገጡ ቁጥር የራሳቸውን ማኅተም እየመቱበት እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ሲቀባበሉት ኖሩ።