ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ልጆችና የትምህርት ዘመን መክፈቻ በጅማ

በጅማ የትምህርት ዘመኑ የሚከፈተው ክረምቱ ሳይወጣ ነው። ምዝገባው በነሐሴ መጨረሻ ይጀመርና እንቁጣጣሽን አልፎ ይቀጥላል። መስቀልና ኢሬቻ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ይቆራርጧቸዋል፣ ዝናቡም እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። የክፍል ምደባው፣ የመምህራን ድልድሉና የመጻሕፍት እደላው እስኪያልቅ ድረስ አብዛኛው ክፍል ያለፈውን ዓመት ትምህርት በመከለስ ይቆያል። ክረምቱን ከደብተር ርቆ ለከረመ ተማሪ ክለሳው ይጠቅማል። አንድ ጊዜ የሰማውን ለማይረሳ ልጅ ግን አስቸጋሪው ጊዜ ይኸው ነው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ባሉት ስድስት ሳምንታት ገደማ “ምን ያህል ታውቃለህ?” ብሎ የጠየቀው ሰው ካልተገኘ ልጁ እያወቀ ዝም ማለትን ይለምዳል፤ ወይም ይረብሻል። በኅዳር “ሰነፈ” ተብሎ ወላጅ የሚጠራበት ልጅ፣ ብዙ ጊዜ በመስከረም ያልተጠየቀው ልጅ ነው።

ማንን ይመለከታል

በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት መለኪያ የአእምሮ ብቃት ፈተና ነው። አማካዩ 100 ሲሆን 130 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ልጅ ባለ ልዩ ተሰጥኦ ይባላል፤ ይህም ከመቶ ልጆች ሁለቱን ያህል ይይዛል። አገራዊው ደረጃ ለመጀመሪያ ደረጃ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ይላል። በዚህ ስሌት በየክፍሉ አንድ ልጅ፣ 1200 ተማሪ ባለው ትምህርት ቤት ደግሞ 25 ያህል ልጆች ይኖራሉ። ሆኖም ፈተናው ለኢትዮጵያ ልጆች ተመዝኖ ካልተዘጋጀ በቁጥሩ ብቻ መፍረድ ያሳስታል። አሜሪካዊው የሥነ ትምህርት ምሁር ጆሴፍ ሬንዙሊ በ1978 እ.ኤ.አ. ያቀረበው አመለካከት ለትምህርት ቤት የበለጠ ይመቻል። እሱ የሚፈልገው የሦስት ነገሮችን መገጣጠም ነው፦ ከአማካይ በላይ ችሎታ፣ ፈጠራ፣ የያዙትን ሥራ ሳይጨርሱ አለመልቀቅ።

የክፍል ደረጃ ሌላ ነገር ነው። አንደኛ የሚወጣው ልጅ ትጉህ፣ ጽሑፉ ያማረ፣ ቤት ውስጥ አስጠኚ ያለው ሊሆን ይችላል። ባለ ልዩ ተሰጥኦው አሥራ አምስተኛ ሊወጣ ይችላል። የ4ኛ ክፍል ልጅ 25 ሲባዛ በ16 ተሰጥቶት ወደ ታች ሳይሠራ 400 ብሎ ቢጽፍ ብዙ ጊዜ “ከየት ገለበጥክ?” ይባላል። ቢጠየቅ ኖሮ አንዱን እያጠፈ ሌላውን እየገመሰ 50 በ8፣ ከዚያ 100 በ4 እንዳደረገው በሁለት ዓረፍተ ነገር ይነግር ነበር። መምህሩ የሠራበትን መንገድ መጠየቁ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ያችን ደቂቃ የነፈገ ክፍል ልጁን ያጣዋል።

ሌሎቹ ምልክቶች ቶሎ አይታዩም። ሌሎች አምስት ስድስት ጊዜ የሚደጋግሙትን በአንድ ሁለቴ መያዝ፣ የማያልቅ “ለምን”፣ ከዕድሜ እኩዮች ይልቅ ከትልልቆች ጋር መዋል፣ በፍትሕ ጉዳይ ላይ መቆጣት፣ ከሐሳቡ ፍጥነት ጋር መሄድ ያቃተው የእጅ ጽሑፍ። መምህሩን ማረምም አንዱ ምልክት ነው፤ እኛ ዘንድ ግን በቀላሉ ብልግና ተብሎ ይወሰዳል። በመርካቶ ቆሎ የሚሸጥ ወይም ከእናቱ ጉልት አጠገብ የሚውል ልጅ የገንዘብ መልስ በቃሉ እያሰላ፣ ያንኑ ስሌት በወረቀት ሲያገኘው ሊሳሳት ይችላል። ችሎታው አለ፤ የጎደለው የጽሑፍ ልምድ ነው። የማንበብ ችግር ወይም የመስማት ጉድለት ኖሮበት ባለ ልዩ ተሰጥኦ የሆነ ልጅም አለ። አንዱ ሌላውን ስለሚሸፍነው እንደ መካከለኛ ተማሪ ተቆጥሮ ያልፋል።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞችም ሆኑ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ልጆች እንደ ችሎታቸውና ፍላጎታቸው እንዲማሩ ማድረግን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ አስቀምጦ ነበር። በተግባር የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሲባል የሚታሰበው የመጀመሪያው ወገን ነው። “ልጄ እንደ ችሎታው ይማር” የሚል ጥያቄ ለትምህርት ቤት የሚያነሳ ወላጅ ውለታ እየለመነ እንዳልሆነ ማወቅ ይገባዋል።

ቋንቋው የሚሸፍናቸው

በጅማ ጉዳዩን ልዩ የሚያደርገው ቋንቋ ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፋን ኦሮሞ ይሰጣል፤ በከተማዋ በአማርኛ የሚማሩም አሉ። የግል ትምህርት ቤቶች ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምረው እንግሊዝኛውን ያበዛሉ። ልጁ 1ኛ ክፍል ሲገባ ቁርአን ቤት የዐረብኛ ፊደል ቆጥሮ፣ ወይም ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ቁቤ (አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል)፣ ከዚያ እንግሊዝኛ ይመጣል። በቁቤ “ኤክስ” የሚባለው ፊደል “ጥ” ሆኖ ይነበባል፣ “ሲ” ደግሞ “ጭ”፤ እንግሊዝኛ ላይ ሁለቱም ሌላ ናቸው። ይህን ልዩነት በመጀመሪያው ሳምንት አስተውሎ የሚጠይቅ የሰባት ዓመት ልጅ ሊመዘገብ የሚገባው ልጅ ነው። በቁርአን ቤት ወይም በቄስ ትምህርት ቤት ያሳየው የቃል ጥናትም የትምህርት ቤት ካርድ ላይ ስለማይወጣ፣ መምህሩ ኡስታዙን ወይም የኔታን ቢጠይቅ ብዙ ያገኛል።

ትልቁ ስህተት የቋንቋ ቅልጥፍናን ከብልህነት ጋር ማምታታት ነው። ቤት ውስጥ የሚናገረው ቋንቋና የሚማርበት ቋንቋ የተለያየበት ልጅ እጁን አያወጣም። አጠገቡ ያለው አፉን በቋንቋው የፈታ ልጅ ስለሚመልስ የመምህሩ ዓይን እዚያ ይቀራል።

ከክለሳው እስከ መጀመሪያው ቴስት

ምን ያህል እንደሚያውቅ ለመለየት ልጁን በተከፈተ ሳምንት አለመፈተን ይሻላል፤ አዲስ ክፍል፣ አዲስ መምህርና አዲስ ፈረቃ ያደናግራል። የሚመቸው ጊዜ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ፣ የመጀመሪያው ቴስት ሳይሰጥ ነው። ልዩ መሣሪያም አያስፈልግም። የ4ኛ ክፍል ልጅ ከሆነ ባለፈው ሰኔ ለ4ኛ ክፍል የተሰጠው የማጠቃለያ ፈተና ይበቃል። ከየትምህርቱ ከ20 እስከ 25 ጥያቄ ይመረጣል፤ ሒሳብና ቋንቋ በተለያየ ቀን፣ አንዱ ከ40 ደቂቃ ሳይበልጥ ይሰጣል። ገና ሳይማረው 85 ከመቶና በላይ ካመጣ የዓመቱን ትምህርት አብዛኛውን ያውቀዋል ማለት ነው። ያን ጊዜ የ5ኛ፣ አስፈላጊም ከሆነ የ6ኛ ክፍል ይሰጠዋል፤ መሳሳት የሚጀምርበት ቦታ እስኪገኝ ድረስ። መማር ያለበት ከዚያ ነው። ከ85 በታች ሆኖ በአንዳንድ ምዕራፎች ምንም ካልሳተ እነዚያ ምዕራፎች ብቻ ይታለፉለታል።

ሙከራው የሚበላሽባቸው መንገዶች ይታወቃሉ። ምርጫ ጥያቄ አራት አማራጭ ካለው በግምት ብቻ ሩቡ ይገኛል፤ ስለዚህ አምስቱን በቃል ማስረዳት አለበት። አስጠኚ ያለው ልጅ ፈተናውን ከነቁጥሩ ሸምድዶት ሊሆን ስለሚችል ቁጥሮቹ ይቀየሩ። የሒሳብ ዓረፍተ ነገሮች ልጁ ቤት በሚናገረው ቋንቋ ይነበቡለት፤ አለበለዚያ የሚለካው ቋንቋው ነው። የከሰዓት ፈረቃ ልጅ ወደ መጨረሻው ክፍለ ጊዜ ተርቦና ደክሞ ስለሚሆን መጀመሪያው ላይ ይፈተን።

ያወቀውን ምዕራፍ ማስዘለል ቀላል ይመስላል፤ የሚደናቀፈው ነጥብ አያያዝ ላይ ነው። ልጁ ከ20 የቤት ሥራ ጥያቄዎች ከባዶቹን 5 ብቻ እንዲሠራ ተፈቅዶለት፣ በወሩ መጨረሻ ለደብተር እርማት የተያዘውን ነጥብ “ሥራው ያልተሟላ” ተብሎ ያጣል። ለልጁ ይህ ቅጣት ነው፤ በሚቀጥለው ወር እንደ ሌላው ሁሉ ሃያውንም እየገለበጠ ይሠራል። መምህሩ በምዕራፉ ፈተና ያመጣው ውጤት የደብተሩንና የአሳይንመንቱን ነጥብ እንደሚተካ አስቀድሞ ማርክ ሊስቱ ላይ ማስፈር፣ ለዩኒት ሊደሩም ማሳወቅ ይኖርበታል።

ቶሎ የጨረሰን ልጅ ሌሎችን እንዲያስጠና ማድረግ በጣም የተለመደ ነው፤ በቡድን ጥናትም መሪው እሱ ይሆናል። በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ማስረዳት ዕውቀትን ያጠራል። ዓመቱን ሙሉ ሥራው ይህ ከሆነ ግን ልጁ ትምህርት ቤት የሚውለው ሳይማር ነው። በተለይ ሴቶች ልጆች ይህን ሚና ሳያጉረመርሙ ይቀበሉታል፤ ከ6ኛና ከ7ኛ ክፍል ወዲያ ጎልቶ ላለመታየት መልስ እያወቁ ዝም የሚሉትም ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው።

ደብል

ክፍል መዝለል በአገራችን አዲስ አይደለም፤ ደብል የመታ ዘመድ ያለው ቤተሰብ ብዙ ነው። ለአሥርተ ዓመታት የተካሄዱ ጥናቶች በጥንቃቄ የተመረጡ ልጆች በመዝለላቸው በትምህርትም ሆነ ከሰው ጋር በመኖር በአማካይ እንደማይጎዱ ያሳያሉ። ጥንቃቄው እንዲህ ነው፦ በአንድ ትምህርት ሳይሆን በሁሉም ከክፍሉ በላይ መሆን፣ ከላይኛው ክፍል ጋር እኩል መጻፍ መቻል፣ ልጁ ራሱ መፈለጉ፣ ተቀባዩ መምህር ማመኑ። ታላቅ ወንድም ወይም እህት ወዳለበት ክፍል ማስገባት ቤቱን ያውካል፤ ይህ ከሆነ ምዕራፍ መዝለሉ ይበልጣል። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሙከራ ይሰጥና ይታያል።

የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናን መዝለል አይመከርም። ማስረጃው በኋላ ስለሚጠየቅ 3ኛን ወይም 4ኛን መዝለል የተሻለ ነው። ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ተይዞ፣ ሮስተሩና ካርዱ ላይ ተመዝግቦ፣ የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት እንዲያውቀው መደረግ አለበት። በቃል ብቻ ደብል የመታ ልጅ ትምህርት ቤት ሲቀይር መሸኛው ላይ አንድ ዓመት ይጎድለዋል፤ ያን ጊዜ የፈቀደው ርዕሰ መምህር ተዛውሮ ሊሆን ይችላል።

በተረፈው ሰዓት ምን ይሥራ

ተጨማሪ ወረቀት መስጠት ተጨማሪ ሥራ እንጂ ተጨማሪ ትምህርት አይደለም። በጅማ ለዚህ ዕድሜ የሚሆን ቁሳቁስ ሞልቷል። ቡናው በጥቅምት ሲቀላ ልጁ 1 ኪሎ እሸት ቡና ወስዶ በወንፊት ላይ በስሱ ያሰጣ። በየቀኑ ጠዋት በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሚዛን ይመዝን፤ ውጤቱን በሠንጠረዥ ይያዝና በመስመር ይሳለው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደቱ በፍጥነት ይወርዳል፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ጀንፈል ሆኖ ይረጋል። ሌሊት ሳይሸፈን ካደረ ግን አንድ ቀን ጠዋት ክብደቱ ጨምሮ ይገኛል። ልጁ “ሚዛኑ ተበላሸ” ሊል ይችላል፤ መልሱ ጤዛው ነው። መምህሩ ወዲያው ባይነግረው ይመረጣል። ሲፈለፈል ከ160 እስከ 170 ግራም ገደማ ይቀራል። ገበሬው 1 ኪሎ የተፈለፈለ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ያህል እሸት ለምን እንደሚለቅም ልጁ በገዛ ቁጥሩ ደረሰበት ማለት ነው። ሳይንስ፣ መቶኛና ግራፍ በአንድ ወንፊት ላይ ተገናኙ፤ ወጪውም አንድ ኪሎ ቡና ብቻ ነው።

ጂሬን ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ለታሪክና ለልኬት ይሆናል። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የጅማ ዩኒቨርሲቲን የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ) ማዕከል መጠየቅ ይቻላል፤ ጥያቄው በትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ በኩል በደብዳቤ ቢቀርብ ይሻላል።

9ኛ ክፍል

ሁለተኛው አደገኛ መስከረም ይህ ነው፤ ትምህርቱ በሙሉ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ከዙሪያው ወረዳዎች፣ ከደዶ፣ ከሰቃ ጨቆርሳ፣ ከቀርሳ፣ ቤት ተከራይተው ለመማር የሚመጡ ልጆች በ8ኛ ክፍል ፈተና የየትምህርት ቤታቸው ሰቃይ ሆነው ሳለ በመጀመሪያው ወር 40ና 45 ያመጣሉ። ሐሳቡ አልከበዳቸውም፤ ቃሉ ነው። ለየትምህርቱ የተለየ ባለ 50 ቅጠል ደብተር ተይዞ በቀን አምስት አምስት ቃል በሁለት ቋንቋ ከነትርጉሙና ከነምሳሌው ቢጻፍ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ከየትምህርቱ ከ100 በላይ ቃል ይሰበሰባል፤ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ለመረዳት ይህ ያግዛል። መምህሩ በዚህ ወር ፈተናውን በቃል ወይም በሥዕል እንዲመልሱ ቢፈቅድላቸው ማን ምን እንደሚያውቅ ይለያል። እነዚህ ልጆች ስንቅ ለማምጣት ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤተሰብ ስለሚሄዱ፣ በቡና ለቀማም ወቅት ሰኞን ስለሚያስቀሩ፣ ቴስት ሰኞ ባይደረግባቸው መልካም ነው።

የወላጅ ጥያቄ

የመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባ ብዙውን ጊዜ ስለ ዩኒፎርም፣ ስለ መዋጮና ስለ ሰዓት መከበር ነው። ከዚያ በኋላ ሆም ሩም መምህሩን ለብቻው አግኝቶ “ስንተኛ ነው?” ከማለት ይልቅ ሦስት ነገር መጠየቅ ይበልጣል፦ በዚህ ወር ከተማረው ውስጥ አስቀድሞ የማያውቀው የትኛው ነበር? ሥራውን ሲጨርስ ምን እያደረገ ይቆያል? ለመጨረሻ ጊዜ የተሳሳተበት ከባድ ጥያቄ የቱ ነው? መምህሩ ለሦስተኛው መልስ ካጣ፣ ከላይ የተገለጸው ሙከራ በዚያው ሳምንት እንዲደረግ ቀን ቆርጦ መውጣት ያስፈልጋል።