ስምንት ሰዓት፣ ከዚያ ሰባ ሁለት፦ የቨርጂኒያ ሕግ ለአእምሮ ሕሙማንና በሱስ ለተያዙ

ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ሰው አእምሮው ታውኮ ድንገተኛ ክፍል ሲገባ፣ ያለ ፈቃዱ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ማን እንደሚመረምረውና አልጋ ከጠፋ የት እንደሚወሰድ የሚወስነው የስቴቱ ሕግ ነው። በአሌክሳንድሪያ፣ በአርሊንግተንና በፌርፋክስ በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይኖራሉ። ሕጉን አስቀድሞ ማወቅ በጭንቅ ሌሊት ከመማር እጅግ ይሻላል።

መጀመሪያ የሚመጣው የአስቸኳይ ጥበቃ ትእዛዝ ነው፤ ሠራተኞቹ «ኢሲኦ» ይሉታል። ቤተሰብ ወይም ሐኪም ማጅስትሬት (እንዲህ ያሉ ትእዛዞችን የሚሰጥ የፍርድ ባለሥልጣን) ዘንድ ቀርቦ በመሐላ ያመለክታል። ፖሊስም አደጋ ካየ ያለ ወረቀት ሊይዘው ይችላል። የጥበቃው ዕድሜ 8 ሰዓት ብቻ ሲሆን፣ ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ሰውየው ከተያዘበት ደቂቃ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ «ሲኤስቢ» ከሚባለው የአካባቢው የአእምሮ ጤና ቦርድ የመጣ ባለሙያ ይመረምረዋል። ባለሙያው መቆየት አለበት ካለ፣ ማጅስትሬቱ ሁለተኛውን፣ ማለትም ጊዜያዊ የማቆያ ትእዛዝ («ቲዲኦ») ይሰጣል። እሱ 72 ሰዓት ነው፤ ማብቂያው ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም በዓል ላይ ከዋለ እስከሚቀጥለው የሥራ ቀን ይገፋል።

እነዚህ ቁጥሮች በሐዘን የተገኙ ናቸው። ኅዳር 2013 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የስቴቱ ሴናተር ክሬይ ዲድስ ልጅ ጋስ በአስቸኳይ ጥበቃ ተይዞ ነበር። ጊዜው ያኔ ቢራዘም እንኳ ከ6 ሰዓት አያልፍም ነበርና፣ አልጋ ሳይገኝለት ሰዓቱ አለቀ። ወደ ቤት ተመለሰ። በማግሥቱ አባቱን በስለት ወግቶ ራሱን አጠፋ። ኋላ የተደረገው ምርመራ አልጋ የነበራቸው ሆስፒታሎች እንዳልተጠየቁ አሳየ። አባትየው ከቁስሉ ተርፎ ወደ ምክር ቤቱ ተመለሰና በ2014 ሕጉን አስቀየረ፦ ስድስቱ ሰዓት ስምንት ሆነ፤ ማቆያው ከ48 ወደ 72 ሰዓት አደገ፤ ሌላ አልጋ ካልተገኘ ደግሞ የስቴቱ ሆስፒታል በሽተኛውን እምቢ ማለት ተከለከለ።

ስምንት ሰዓት ብዙ ይመስላል፤ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ግን ቶሎ ያልቃል። የአእምሮ ሆስፒታል ከመቀበሉ በፊት የደም ምርመራ፣ የሽንት ምርመራ፣ የአልኮል መጠንና አንዳንዴም የልብ ምርመራ ውጤት ይጠይቃል። የሰከረ ሰው እስኪበርድለት መመርመር ያስቸግራል፤ ሰዓቱ ግን አይጠብቅም። የክፍት አልጋዎች መዝገብ በኮምፒውተር አለ፤ ሆኖም መዝገቡ «አለ» ያለው ሆስፒታል ሲደወልለት «በሽተኛው ይረብሻል» ወይም «ስኳርና ኩላሊት ስላለበት አንችለውም» ማለቱ የተለመደ ነው። የግል ሆስፒታል እምቢ ሊል ይችላል፤ የመጨረሻው ተቀባይ የስቴቱ ሆስፒታል ነው።

ችግሩም እዚያው ተጠራቀመ። ሕጉ አልጋ አዘዘ፤ አልጋውን የሚጠብቁ ነርሶችና ረዳቶች ግን በሕግ ትእዛዝ አይገኙም። ሐምሌ 2021 ከስምንቱ የአዋቂ ሆስፒታሎች አምስቱ ሠራተኛ በማጣት አዲስ በሽተኛ መቀበል አቆሙ። ከእነሱ አንዱ በ1773 የተከፈተው የዊሊያምስበርጉ ኢስተርን ስቴት ሲሆን፣ በአሜሪካ ለአእምሮ ሕሙማን የተሠራ የመጀመሪያው የሕዝብ ሆስፒታል ነው። አልጋ ሲጠፋ ታማሚው የሚከርመው ድንገተኛ ክፍል አልጋ ላይ ነው፤ አጠገቡ ወንበር ስቦ የተቀመጠ ፖሊስ እየጠበቀው።

ለቤተሰብ ከሁሉ የሚጠቅመው ሕጉ የሚፈልገውን ማስረጃ ማወቅ ነው። ማጅስትሬቱም መርማሪውም የሚጠይቁት፣ በአእምሮ ሕመሙ የተነሳ በቅርቡ በራሱ ወይም በሰው ላይ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ፣ ወይም ራሱን መጠበቅና መመገብ አቅቶት ሊጎዳ ይችላል ወይ የሚለውን ነው። «አእምሮው ተነክቷል፣ ጸባዩ ተቀይሯል» ማለት አይበቃም። «ከሰኞ ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ ትናንት ማታ ቢላ ይዞ እናቱን በር ላይ አቆማት» ማለት ይበቃል። ቀንና ድርጊት ይነገር። የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ብልቃጦች በከረጢት ይያዙ።

አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው፤ ሆስፒታሉ ያለ ክፍያ ማቅረብ አለበት። ልጅን ማስተርጎም ትልቅ ስህተት ነው፤ ልጅ የአባቱን ነውር ይሸፍናል። «ምነው በሞትኩ» የሚለው የምሬት አነጋገራችን እንዳለ ቢተረጎም ራስን የማጥፋት ዛቻ ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል፤ በተቃራኒው እውነተኛ ዛቻ በይሉኝታ ተለዝቦ ሊያመልጥ ይችላል። ጸበል ተወስዶ ከሆነ፣ መድኃኒቱን በዚያ ሰሞን አቁሞ ከሆነም ለሐኪሙ ይነገር። ጫትም እንደዚሁ፦ የተለመደው የሽንት ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ አያሳየውም፤ ቤተሰብ ከደበቀው ሐኪሙ በጭፍን ያክማል።

ሱስን በተመለከተ የቨርጂኒያ ሕግ ለእነዚህ ትእዛዞች «የአእምሮ ሕመም» ሲል ሱስንም ይጨምራል። ተግባር ላይ ግን ሱስ ብቻውን ያለበትን ሰው የሚቀበል አልጋ ማግኘት የበለጠ ይከብዳል። ስለ ራሱ መወሰን የማይችል ታማሚ አስቸኳይ ሕክምና ሲያስፈልገው፣ ሐኪሙ ከማጅስትሬት እስከ 24 ሰዓት የሚደርስ የተለየ ትእዛዝ ማስወጣት ይችላል። መጠጥ ያቋረጠ ሰው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሊቃዥና ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ሕይወት የሚቀጥፍ የአካል ሕመም ሆኖ ሳለ እብደት ተብሎ እንዳይታለፍ፣ የመጨረሻው መለኪያ መቼ እንደተጠጣ ይነገር። ከሚያዝያ 2017 ጀምሮ የስቴቱ ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን) የሱስ ሕክምናን ሰፋ አድርጎ ይከፍላል፤ በ2019 ሜዲኬይድ ለብዙ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አዋቂዎች ሲከፈት ደግሞ በሩ ይበልጥ ተከፈተ።

ሰባ ሁለቱ ሰዓት ሲያልቅ ችሎት አለ፤ ብዙ ጊዜም እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ይደረጋል። ለታማሚው ጠበቃ ይመደብለታል፤ ገለልተኛ ባለሙያም ይመረምረዋል። ዳኛው በቅድሚያ «በፈቃድህ ትታከማለህ?» ብሎ ይጠይቃል። እሺ ያለ ሰው፣ ከተወሰነ ዝቅተኛ የሕክምና ጊዜ በኋላ ለመውጣት ሲፈልግ ከ48 ሰዓት በፊት ማሳወቅ አለበት። ብዙዎች ሳያውቁት የሚያልፉት አንድ ነገር ግን አለ፦ በማቆያ ትእዛዝ ተይዞ በኋላ በፈቃዱ የገባ ሰውም፣ ፍርድ ቤት እስኪመልስለት ድረስ መሣሪያ የመግዛትና የመያዝ መብቱን ያጣል። ታጥቆ በጥበቃ ሥራ ለሚተዳደር ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነውና ጠበቃውን አስቀድሞ ይጠይቅ። እምቢ ያለውን ዳኛው እስከ 30 ቀን ሊያስተኛው፣ ቤቱ ሆኖ እንዲታከም ሊያዝዝ ወይም ሊያሰናብተው ይችላል። ውሳኔው ቅር ያሰኘው ሰው በ10 ቀን ውስጥ ለሰርኪዩት ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይችላል።