ስለ ቴአትር ቤት አርክቴክት በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

ጅማ ፈረንጅ አራዳ ቡና ይዘው ከተቀመጡ የአርክቴክቸር ተማሪዎች ጋር ስለ ቴአትር ቤት ካነሳችሁ ክርክሩ ማለቂያ የለውም። ግማሹ ግን ስህተት ነው። ማሳያዬ እንግሊዛዊው ፍራንክ ማቻም (1854–1920 እ.ኤ.አ.) ነው። ለንደን ኮሊሲየምን፣ ሃክኒ ኢምፓየርንና ሌሎች በርካታ ቴአትር ቤቶችን የነደፈው እሱ ነው።

«ያለ ዲግሪ እንዲህ ያለ ሥራ አይታሰብም»
ዛሬ አዎ። ማቻም ግን መደበኛ የአርክቴክቸር ትምህርት አልነበረውም። ቢሮ ውስጥ በተለማማጅነት ጀመረ። ቀጥሎ የቴአትር አርክቴክት የሆነው ጄትሮ ሮቢንሰን ዘንድ ገባ፤ ልጁንም አገባ። አማቱ በ1878 እ.ኤ.አ. ሲሞት ሥራውን ተረከበ። «በአማቱ ነው ያደገው» የሚል አይጠፋም። ችሎታ ግን በጋብቻ አይገኝም።

«ሥራው ማስዋብ ነው»
ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ከላይኛው ሰገነት በርካሽ ቲኬት የተቀመጠው ሰው መድረኩን ያያል? ድምፁስ ይደርሰዋል? አርክቴክቱን እንቅልፍ የሚነሳው ይሄ ነው። ድሮ ሰገነት የሚቆመው በኮለን ተደግፎ ስለነበር ከኋላው የደረሰው ተመልካች ይከለል ነበር። ሠርግ አዳራሽ ውስጥ ከኮለን ጀርባ ተቀምጦ ሙሽሮቹን ለማየት አንገቱን ሲያሰግግ ያመሸ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ማቻም ሰገነቱን በብረት ካንቲሊቨር ያዘው። አንደኛው ጫፍ ከኋላ ይታሰራል፣ ሌላው ያለ ድጋፍ ወደ ፊት ይወጣል። ኮለኑ ቀረ፣ እይታው ተከፈተ።

የእሳቱ ነገር ደግሞ አለ። በ1887 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የኤክሰተር ከተማ ቴአትር ሲቃጠል ከ180 በላይ ሰው አለቀ። ብዙዎቹ መውጫው ጠባብ የነበረው የላይኛው ሰገነት ተመልካቾች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ስለ መውጫና ደረጃ ያለው ቁጥጥር ጠበቀ።

«ጌጡ በሙሉ የተቀረጸ እንጨት ነው»
በርጩማ ሲቀረጽ እያየ ላደገ የጅማ ልጅ እንዲህ መገመት አይፈረድበትም። አብዛኛው ግን በቅርጽ ማውጫ ተሠርቶ የተቀባ ጀሶ ነው።

«እውነተኛ አርክቴክት ከባዶ መሬት ይጀምራል»
ማቻም ብዙ ነባር ቴአትር ቤቶችን አድሷል። የመጀመሪያ ሥራዎቹም አማቱ የጀመራቸውን መጨረስ ነበሩ። እኛም ጋ ምሳሌ አለ። የአዲስ አበባው ብሔራዊ ቴአትር በጣሊያን ዘመን ተጀምሮ የቆመ ሕንፃ ነበር። ፈረንሳዊው አርክቴክት አንሪ ሾሜት አሻሽሎ ጨረሰውና በ1948 ዓ.ም. ለንጉሡ የብር ኢዮቤልዩ ተመረቀ።