በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል

ፒያሳ ምሳ እየበላሁ ነው። ከጎኔ የተቀመጡ ሰውዬ የወይን ጠርሙሱን አገላብጠው አነበቡና አስተናጋጇን ጠሯት። «ልጄ፣ ድራይ ማለት ደረቅ አይደል? ደረቅ ወይን ምን ዓይነት ነው?» «እኔ የማውቀው ዘቢብ ነው፣ አባባ» አለቻቸው።

እንግሊዝኛው «ድራይ» ወይን ላይ ሲጻፍ ጣፋጭ አይደለም ለማለት ነው። ስኳሩን እርሾው ወደ አልኮል ለውጦ ጨርሶታል። አክሱማይት የለመደ ምላስ ሲቀምሰው ፊት ያጨፈግጋል። ቅቤ ያልነካው ዳቦም ለእነሱ «ድራይ» ነው።

የእኛም «ደረቅ» እንዲሁ የጎደለ ነገር ይጠቁማል። ደረቅ እንጀራ ወጥ የለውም። ዓይነ ደረቅ ሰው እፍረት የለውም። ደረቅ ቼክ ባንክ ውስጥ ገንዘብ የለውም። ቀልድ ላይ ግን እንለያያለን። እንግሊዞች ፊቱን ሳይፈታ የሚያስቃቸውን ሰው «ድራይ» ብለው ያደንቁታል። እኛ ደረቅ ቀልድ የምንለው ጭራሽ ያላሳቀንን ነው።

ወደ አባባሉ ልምጣ። «በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል» እንላለን። አበሳ ጥፋት፣ በደል ነው። (እርጥብ ሲባል ዳቦ ውስጥ የገባ የድንች ጥብስ ትዝ የሚለው ይታገሠኝ።) ነገሩ የምድጃ ነው። እናቴ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ታነድ ነበር። እርጥቡ ብቻውን ሲለኮስ ዓይናችንን በጭስ ያቃጥለናል እንጂ አይነድም፤ ሙቀቱን ውስጡ ያለው ውሃ ይበላዋል። ስለዚህ ደረቁን ከሥር ታደርጋለች፣ እርጥቡን ከላይ ትደርባለች። ትንሽ ቆይቶ እሱም ይያያዛል። እሳቱን የጀመረው ግን እሱ አይደለም።

አባባሉም በሌላው ጥፋት ላለቀ ሰው ነው የሚነገረው። ደረቁ ጥፋተኛ መሆኑ ደግሞ ያለ ነገር አይመስለኝም። ግትሩን፣ ምክር የማይገባውን ሰው «ደረቅ» እንለው የለ!

ሰው ግን ለራሱ ሲጠቅሰው እጠራጠራለሁ። አንድ የማውቃቸው ልብስ ሰፊ ለደንብ ልብስ ሥራ ደረቅ ቼክ ተቀበሉ። ይህ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 የሚያስቀጣ ነው፤ ሰጪው ተከሰሰ። ክሱ ሲጓተት ሠራተኞቹ ደመወዛቸውን ጠየቁ። «ምን ላድርግ፣ በደረቅ አበሳ እርጥብ ነደደ» አሏቸው።

አንዷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ፣ «ጋሼ፣ እርጥቡ እርስዎ ከሆኑ እኛ ምንድን ነን?»