ጭማቂ፣ ሙጫ፣ እጣን፦ ከዛፍ የሚወጡ ፈሳሾች በምን ይለያያሉ?

በአማርኛ ከዛፍ ቅርፊት ላይ ተንጠባጥቦ የሚደርቅ ነገር ሁሉ «ሙጫ» ነው። ከግራር የሚለቀመውም፣ ከተጎዳ የኮክ ግንድ ላይ ተድቦልቡሎ የሚገኘውም፣ ከጥድ ስንጥቅ የሚወጣውም ስሙ አንድ ነው። እጣንና ከርቤ ብቻ በመዓዛቸው የራሳቸውን መጠሪያ አትርፈዋል። ለዕለት ተዕለት ንግግር ይህ ይበቃል፤ ዛፉ ግን እነዚህን ነገሮች የሚሠራቸው በተለያየ ቦታና ለተለያየ ጉዳይ ነው።

ጭማቂ የሚባለው ማንኛውም ዛፍ ለመኖር በውስጡ የሚያዘዋውረው ፈሳሽ ነው። መንገዱም ሁለት ነው። ዛይለም በሚባሉት ቱቦዎች ውሃና ማዕድን ከሥር ወደ ቅጠል ይወጣል። ፍሎየም በሚባሉት ደግሞ ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን ያዘጋጀው ስኳር ወደ ሥር፣ ወደ ፍሬና ወደሚያድገው ጫፍ ይከፋፈላል። ጭማቂ ውሃ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። በካናዳ፣ በተለይም በኪዩቤክ፣ ሌሊቱ በረዶ ሠርቶ ቀኑ ሲሞቅ ከሜፕል ዛፍ የሚቀዳው ጭማቂ ስኳሩ 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህም 1 ሊትር ሽሮፕ ለማግኘት 40 ሊትር ያህል ይፈላል። እንዲሁ ቢተዉት ይቦካል ወይም ይበላሻል እንጂ ድንጋይ አይሆንም።

ሬዚን ግን ምግብም መጠጥም አይደለም። ዛፉ ሲቆረጥ፣ ሲሰነጠቅ ወይም ነፍሳት ሲበሱት ቁስሉን የሚደፍንበት መድኃኒቱ ነው። ብዙ ሰው «የዛፍ ደም» ይለዋል፤ ከደም ይልቅ ግን ለቅርፊት፣ ቁስል ላይ ለሚደርቀው ቅርፊት፣ ይቀርባል። የሚጠራቀመውም በራሱ ልዩ ቱቦዎች ውስጥ ነው። አብዛኛው ቴርፒን ከሚባሉ ውህዶች የተሠራ ስለሆነ በውሃ አይሟሟም፤ በአልኮልና በዘይት ግን ይሟሟል። አየር ሲያገኝ ተናኙ ክፍል ይሄድና የቀረው ይጠነክራል። የጥድ ወገን የሆነው ፓይን ሬዚን ሲጣራ የሚተነው ተርፔንታይን፣ የሚቀረው ደግሞ የቫዮሊን ተጫዋቾች ደጋናቸውን የሚያሹበት ሮዚን ነው።

አምበር ከዚሁ ይመጣል። በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ወደ ቅሪተ አካል የሚለወጠው ሬዚን ነው፤ አምበርን «የደረቀ የዛፍ ጭማቂ» ብሎ መጻፍ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ኢትዮጵያም አምበር አላት። በሰሜን ሸዋ በዓለም ከተማ አቅራቢያ፣ በወንጪት ወንዝ አካባቢ የተገኘው ጉንዳንና ሌሎች ነፍሳትን እንደያዘ የደረቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሲገለጽ ዕድሜው 95 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተብሎ ነበር። በኋላ ግን ከ16 እስከ 23 ሚሊዮን ዓመት ወዳለው ዘመን ዝቅ ተደርጓል።

ሦስተኛው ሙጫ ራሱ ነው፤ ቃሉን በጠባቡ ስንወስደው ማለት ነው። የግራር ሙጫ ከስኳር ሰንሰለቶች የተሠራ ስለሆነ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ይበላልም። ለስላሳ መጠጥና ከረሜላ ላይ «ኢ 414» ተብሎ የሚጻፈው እሱ ነው። ከፍተኛዋ አምራች ሱዳን ናት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 በሱዳን ላይ ማዕቀብ ስትጥል ይህን ሙጫ ከማዕቀቡ ነጻ ማድረጓ ምን ያህል እንደሚፈለግ ያሳያል። የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት ደግሞ ከሦስቱም አይደለም፤ ላቴክስ ነው፣ ዓይን ውስጥ ከገባም ክፉኛ ይጎዳል።

ቤት ውስጥ ለመለየት ላብራቶሪ አያስፈልግም። ፍም ላይ ጣል ሲያደርጉት ሬዚን ይቀልጣል፣ ይጨሳል፣ ይሸታል፤ የግራር ሙጫ ግን ያርርና ከሰል ይሆናል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሲያሳድሩት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሙጫው ይሟሟል፣ ንጹሕ ሬዚን እንዳለ ይቀመጣል። እጣን በዚህ ፈተና መሀል ላይ ይወድቃል። አድቅቀው ከውሃ ጋር ሲያሹት ውሃው ወተት ይመስላል፤ ምክንያቱም እጣን ሬዚን፣ ተናኝ ዘይትና ሙጫ አብረው ያሉበት ነው። ከርቤም እንደዚሁ።

የኢትዮጵያን እጣን በብዛት የሚሰጠው ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ የተባለው ዛፍ ነው። በመተማ፣ በቋራ፣ በትግራይ ቆላዎችና በቤኒሻንጉል ይበቅላል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ለቃሚዎች ግንዱን በስለት ጥቂት ቦታ ላይ ፋቅ ያደርጉታል። ነጭ ፈሳሽ ይወጣል፤ ሲደርቅ ይለቀምና ያው ቁስል እንደገና ይከፈታል። በአንድ በጋ እስከ 12 ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። የሬዚኑ ቱቦዎች ያሉት በውስጠኛው ቅርፊት ላይ ስለሆነ እስከ እንጨቱ ጠልቆ መቁረጥ ለዛፉ ጉዳት እንጂ ለለቃሚው ትርፍ የለውም።

ጭማቂና ሬዚን የተለያዩ ናቸው ሲባል ግን አይገናኙም ማለት አይደለም። ዛፉ ሬዚኑን የሚሠራው ጭማቂው ከሚያመላልሰው ስኳር ነው፤ ቁስሉን ደጋግሞ ሲደፍን ለዘር የሚተርፈው ያንሳል። በኤርትራ በዚሁ ዛፍ ላይ የተደረገ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ካልተፋቁ ዛፎች ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፣ ከሚፋቁት ግን 16 በመቶ እንኳ አልሞላም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አብዛኞቹ የእጣን ደኖች ወጣት ዛፍ እንደሌላቸው ገልጾ፣ ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል ተንብዮአል። ለዚህ መፋቁ ብቻውን ተጠያቂ አይደለም፤ እሳት፣ ችግኙን የሚግጥ ከብትና ግንድ የሚበሳ ጢንዚዛም አሉበት።

በቦረና በኩል ልማዱ ሌላ ነው። እዚያ እጣን የሚሰጠው ቦስዌሊያ ኔግሌክታ የተባለው ዝርያ ሲሆን፣ ከብት የሚጠብቁ ሰዎች ነፍሳት በስተውት በራሱ ጊዜ የወጣውን እየለቀሙ ለገበያ ያቀርባሉ። ዛፉን በስለት አይነኩትም።