ከርዳዳ ፀጉርና የራስ ቆዳ፦ የውበት ሙያ ተማሪ ማወቅ ያለበት

የራስ ፀጉር ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ከቆዳ በላይ የምናየውና የምናበጥረው ዘንግ ነው። ሌላው ከቆዳ በታች የተቀበረው ሥር ነው። ዘንጉ ሕይወት የለውም። ነርቭም ደምም ስለማይደርሰው ሲቆረጥ አያምም። ሥሩ ግን ሕያው ነው፤ ምግብ ይፈልጋል፣ ይታመማል፣ ይሞታልም። በሳሎን ውስጥ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው እነዚህን ሁለቱን ካለመለየት ነው። ዘንጉን ሲያሳምሩ ሥሩን አለመግደል የሙያው ግማሽ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሥሩ የሚበቅልበት ጠባብ ጉድጓድ ፎሊክል ይባላል። የሁሉም ፎሊክሎች ቁጥር የሚወሰነው ገና ከመወለዳችን በፊት ነው። በኋላ አዲስ አይጨመርም። የፎሊክሉ ግርጌ ያበጠ ሲሆን ፓፒላ የሚባል ደም ስር የበዛበት ክፍል ይመግበዋል። እዚያ ያሉት ሴሎች እየተባዙ ወደ ላይ ይገፋሉ፣ ኬራቲን በሚባል ፕሮቲን ይሞላሉ፣ ይጠነክራሉ፣ ከዚያ ይሞታሉ። ቀለም የሚሰጣቸው ሜላኒንም የሚገባባቸው በዚሁ ጉዞ ላይ ነው። ከጎን ቅባት የሚያመነጭ ዕጢ አለ። ብርድ ሲመታን ፀጉራችንን የሚያቆም ትንሽ ጡንቻም እዚያው ተያይዟል።

ዘንጉ ሦስት ንብርብር አለው። የውጩ ኩቲክል ነው፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረቡ ስስ ሽፋኖች ናቸው። ኩቲክሉ ሲተኛ ፀጉር ያብረቀርቃል፣ ሲነሳ ደግሞ ይሻክራል፣ እርስ በርሱም ይጠላለፋል። መካከለኛው ኮርቴክስ የፀጉሩን ጥንካሬ፣ ቀለምና ቅርጽ ይይዛል። ቀለምም ሆነ ማለስለሻ የሚሠራው እዚህ ገብቶ ነው። ውስጠኛው ሜዱላ በቀጭን ፀጉር ላይ ጨርሶ ላይኖር ይችላል፤ ለፀጉር ሠሪ ብዙም አያሳስብም።

ኮርቴክሱን አንድ ላይ የሚይዙት ትስስሮች በደንብ ሊታወቁ ይገባል። የሃይድሮጂን ትስስር በውሃና በሙቀት ይፈታል፣ ፀጉሩ ሲደርቅና ሲቀዘቅዝ እንደገና ይያያዛል። ፀጉር ታጥቦ በቢጉዲን ተጠቅልሎ ካስክ ውስጥ ሲገባ የሚሆነው ይኸው ነው። ዝናብ ሲነካው ወይም እንፋሎት ሲያገኘው ቅርጹ የሚጠፋውም ለዚህ ነው። በሰልፈር የሚያያዘው ትስስር ግን ውሃ አይፈታውም። እሱን የሚፈታው ኬሚካል ነው።

ሉጫ፣ ዞማና ከርዳዳ የሚያሰኘው ልዩነት የሚጀምረው ከፎሊክሉ ቅርጽ ነው። ቀጥ ካለ ፎሊክል ቀጥ ያለ ፀጉር ይወጣል። ከርዳዳ ፀጉር የሚወጣው ከታጠፈ ፎሊክል ነው፤ ዘንጉ ቢቆረጥና ጫፉ ቢታይ ክብ ሳይሆን ጠፍጠፍ ያለ ሞላላ ነው። ከዚህ ብዙ ነገር ይከተላል። ከዕጢው የሚወጣው ቅባት በሉጫ ፀጉር ላይ ቶሎ ወደ ጫፍ ይወርዳል። በከርዳዳ ፀጉር ላይ ግን እያንዳንዱ ጥምዝ ያግደዋል። ስለዚህ የራስ ቆዳው ቅባታም ሆኖ ጫፉ ደርቆ ይገኛል። በየመታጠፊያው ኩቲክሉ ስለሚነሳ ፀጉሩ የሚሰበረውም እዚያው ነው።

«ፀጉሬ አያድግም» የምትል ደንበኛ በየሳሎኑ አለች። ፀጉሯ ያድጋል። ከርዳዳ ፀጉር ባላቸው አፍሪካውያን ላይ የተወሰዱ ልኬቶች የወር እድገቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር ጥቂት እንደሚያንስ ያሳያሉ። ከሥር ያደገውን ያህል ከጫፍ ከተሰበረ ርዝመቱ ባለበት ይቆማል። ለእሷ የሚያስፈልጋት የማሳደጊያ ቅባት ሳይሆን ስብራቱን መቀነስ ነው። ፀጉሩ እርጥብ ሆኖ፣ ኮንዲሽነር ተቀብቶ፣ ሰፊ ጥርስ ባለው ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ሥር ይፈታ። ደረቅ ከርዳዳ ፀጉርን ከሥር ጀምሮ በሚዶ መጎተት መቅጠፍ ነው።

ቅቤስ? እናቶቻችን ለትውልድ የተጠቀሙበት ነገር ስለሆነ በጥንቃቄ ማየት ተገቢ ነው። ቅቤ ፀጉርን አይመግብም፤ የሞተ ዘንግ አይበላምና። ግን ኩቲክሉን ሸፍኖ እርጥበት እንዳይወጣ ያደርጋል፣ ፀጉር ከፀጉር ጋር ሲፋተግ የሚደርሰውን ጉዳትም ይቀንሳል። ለደረቀ ከርዳዳ ዘንግ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፎረፎር ያለበት የራስ ቆዳ ላይ ግን ቅቤ መለቅለቅ አይመከርም። ምክንያቱን ስለ ፎረፎር ስንናገር እናያለን።

በራሳችን ላይ በአማካይ 100,000 ገደማ ፀጉር አለ። እያንዳንዱ የራሱ ዑደት አለው። ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል፣ ለ2 ወይም 3 ሳምንት እድገቱን ያቆማል፣ ለ3 ወር ያህል አርፎ ይወድቃል። በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር መርገፉ ጤናማ ነው። ሹሩባዋን ለአንድ ወር አቆይታ የምትፈታ ሴት እፍኝ ሙሉ ፀጉር ብታይ ልትደነግጥ አይገባም። ቀን በቀን የረገፈው ተጠላልፎ ቆይቶ ነው አንድ ላይ የወጣው። ከወሊድ፣ ከከባድ ትኩሳት ወይም ከሕመም በኋላ ግን ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ የሚጀምር ብዙ መርገፍ አለ። ብዙውን ጊዜ ራሱ ይመለሳል። ደንበኛዋ ግን ሻምፖውን ወይም የመጨረሻውን ፀጉር ሠሪ ትወቅሳለች። «ወልደሽ ነበር? ታመሽ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ነገር ያጠራል።

ሙቀትና ኬሚካል

ፔስትራ እርጥብ ፀጉር ላይ ሲያርፍ «ጭስስ» የሚል ድምፅ ይሰማል። በዘንጉ ውስጥ ያለው ውሃ ፈልቶ ነው። እንፋሎቱ በኮርቴክሱ ውስጥ አረፋ ይሠራል፣ ፀጉሩም አረፋው ባለበት ቦታ ይቆረጣል። የተጎዳው ፀጉር በምንም ትሪትመንት አይጠገንም፤ የሚቆረጥ ብቻ ነው። ደረቅ ፀጉርም ቢሆን ከ200 ዲግሪ በላይ ደጋግሞ ሲተኮስ ኬራቲኑ ይበላሻል።

ሪላክሰር፣ ማለትም ከርዳዳ ፀጉርን የሚያለሰልሰው ክሬም፣ የሰልፈሩን ትስስር ይቀይረዋል፣ የተቀየረው አይመለስም። ጤናማ ፀጉርና ቆዳ አሲድነትንና አልካሊነትን በሚያሳየው የፒኤች መለኪያ 5 አካባቢ ናቸው። ሪላክሰር ከ12 በላይ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር የአሥር እጥፍ ልዩነት መሆኑን ልብ ይሏል። «ኖ ላይ» (no lye፣ ኮስቲክ ሶዳ የሌለበት) የሚል ጽሑፍ ያለበት ክሬምም የሚሠራው በዚሁ ከፍተኛ ፒኤች ነው፤ አያቃጥልም ማለት አይደለም። ስለዚህ ቁስል ያለበት፣ የታከከ ወይም ትናንት ሹሩባ የተፈታበት ራስ ላይ አይቀባም። የሚቀባው አዲስ የበቀለው ላይ ብቻ ነው፤ ቀደም ሲል የለሰለሰውን ደጋግሞ መቀባት ይቆርጠዋል። «ትንሽ ታገሺ፣ ገና አልያዘም» የሚለው ልማድ መቆም አለበት። ማቃጠል ከጀመረ ወዲያው ይታጠባል። ቆዳው ተቃጥሎ ጠባሳ ከያዘ ፎሊክሉ ይሞታል። በሌላ ዓይነት ኬሚካል፣ ማለትም በታዮግላይኮሌት የሚሠራ ፐርም (የፀጉር ቅርጽ መቀየሪያ)፣ በሪላክሰር የለሰለሰ ፀጉር ላይ ፈጽሞ አይደረብም። ሁለቱ አይስማሙም፣ ፀጉሩ ከሥሩ ይበጠሳል።

የፀጉር ቀለምን በተመለከተ ጥቁር ቀለሞች ብዙውን ጊዜ ፒፒዲ የሚባል ንጥረ ነገር አላቸው። «ጥቁር ሂና» እየተባለ በሚሸጠውም ውስጥ ይገኛል። በአንዳንድ ሰው ላይ ፊት እስኪያብጥ ድረስ አለርጂ ያስነሳል። ከጆሮ ጀርባ ጥቂት ቀብቶ 48 ሰዓት መጠበቅ ደንበኛን ከሆስፒታል ያድናል።

ራስ ላይ የሚታዩ ችግሮች

ከብዙዎቹ የቆዳ መማሪያ መጻሕፍት መካከል ሥዕሎቻቸው የነጭ ቆዳ የሆኑት ይበዛሉ። «ቀይ ሽፍታ» ይላሉ። በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል፤ ሐምራዊ ወይም ከአካባቢው የጠቆረ ሆኖ ይታያል። ተማሪው ዓይኑን ለዚህ ካላለማመደ ብዙ ነገር ያመልጠዋል። በእጅ መንካት፣ ሙቀትና እብጠት መፈለግ፣ «ያሳክካል? ያምማል?» ማለት ያስፈልጋል።

ፎረፎር ማላሴዚያ ከሚባል በሁሉም ሰው ቆዳ ላይ ከሚኖር እርሾ ጋር የተያያዘ ነው። እርሾው የሚኖረው ቅባት እየበላ ነው። ቅቤውና ዘይቱ የራስ ቆዳ ላይ ሲከማች የሚያባብሰው ለዚህ ነው። ኪቶኮናዞል ወይም ዚንክ ያለው ሻምፖ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ቆይቶ ሲታጠብ ይረዳል። አይተላለፍም። ቅርፊቱ ወፍራምና ብርማ ከሆነ፣ ከፀጉሩ መስመር አልፎ ግንባር ላይ ከወጣ፣ ሶሪያሲስ የሚባል የቆዳ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ወደ ሐኪም ይላካል።

ቆረቆር በአብዛኛው የልጆች ነገር ነው፣ በጣምም ይተላለፋል። ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ይገባና ከቆዳው ጋር እኩል ይሰብረዋል። ቅርፊት ባለበት ባዶ ቦታ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣቦች የሚታዩት ለዚህ ነው። አንዳንዴ መግል ይዞ ያብጣል። በቅባት ብቻ አይድንም፤ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ላሽ ግን ሌላ ነው። ክብ፣ ለስላሳ፣ ቅርፊት የሌለው ባዶ ቦታ ነው። የሰውነት መከላከያ የራሱን ፎሊክል ሲያጠቃ የሚመጣ እንጂ ከማንም አይተላለፍም። የላሽ ሕመምተኛን «ይጋባል» ብሎ መመለስ በደል ነው።

እኔን ከሁሉም የሚያሳስበኝ በመጎተት የሚመጣው ራሰ በራነት ነው። ፊት ለፊትና በጆሮ አጠገብ ይጀምራል። በጣም የጠበቀ ሹሩባ፣ የከበደ ሂዩማን ሄር፣ በሪላክሰር በለሰለሰ ፀጉር ላይ የተሰፋ ስፌት ያመጣዋል። መጀመሪያ በፀጉሩ መስመር ላይ ትናንሽ ብጉሮች ይወጣሉ፣ ደንበኛዋም ራሷን ያማታል። ከዚያ ቦታው ይሳሳል፣ ፊት ላይ ጥቂት ለስላሳ ፀጉሮች ብቻ ይቀራሉ። በዚህ ደረጃ መጎተቱ ከቆመ ፀጉሩ ሊመለስ ይችላል። ለዓመታት ከቀጠለ ፎሊክሉ ጠባሳ ይሆንና ፊቱ እንደተመለጠ ይቀራል። ሹሩባ ሲሠራ ሊያም አይገባም። ሕፃን ልጅ ስታለቅስ «ቻይው፣ ያምራል» ከማለት አላልቶ መሥራት ይሻላል። ከራስ መሐል ጀምሮ ወደ ውጭ የሚሰፋ፣ የሚያቃጥልና የሚያሳክክ መሳሳት ደግሞ ሌላ ጠባሳ የሚያስቀር በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ይታይ።

በወንዶች ፀጉር ቤት ማጅራት ላይ የሚወጡ ጠንካራ እባጮች ይታያሉ። ፀጉሩ በጣም ተጠግቶ ሲላጭ ይብሳሉ፤ ቶንዶሱን ትንሽ ማራቅና ምላጭ መተው ያስፈልጋል። ፊት ላይ ብጉርና ማድያት ያለባት ሴት ስትመጣም የሚያቀላ ክሬም መጠቆም ነውር ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሜርኩሪ ወይም ጠንካራ ስቴሮይድ አላቸው፤ ስቴሮይዱ ቆዳን ያሳሳል፣ ሲቆም ደግሞ ችግሩ ብሶ ይመለሳል። ማድያት ፀሐይ ያጠቁረዋል፤ ለእሱ የመጀመሪያው እርምጃ የፀሐይ መከላከያ ነው።

ቅማል፣ እከክ ወይም ቆረቆር ሲገኝ ሥራው ይቆማል። ለደንበኛው ሌሎች እየሰሙ ሳይሆን ለብቻ ወስዶ መንገር ይገባል። ማበጠሪያና ቶንዶስ መጀመሪያ ፀጉሩና ቅባቱ ይነሳላቸዋል፣ ከዚያ በፀረ ተሕዋስያን ፈሳሽ ይጸዳሉ። ቆሻሻ እንደያዘ በአልትራቫዮሌት ሳጥን የገባ መሣሪያ አልጸዳም። ምላጭ ለአንድ ሰው አንድ ነው፤ ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ በደም ይተላለፋሉና። ቆረቆር ያለበት ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ሲላክ እናቱ በቤት ያሉ ሌሎች ልጆችንም እንድታሳይ፣ ማበጠሪያና ኮፍያ እንዳይዋዋሱ አብሮ ይነገራት።