በምንቸቱ ውስጥ ምን አለ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ሲጠና ሁላችንም ወደ ምድጃው እንጠጋለን። በጾም ከምድጃው የማይጠፋው ደግሞ ሽሮ ነው። የምን ሽሮ? ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ነው።

በጌልገላ ራብ ነበር። ኤልሳዕ ትልቁን ምንቸት ጥዳችሁ ለነቢያት ልጆች ወጥ ሥሩ አለ። አንዱ ቅጠል ሊለቅም ሜዳ ወጣ። የዱር ሐረግ አገኘ። ቅሉን በልብሱ ሙሉ ለቅሞ መጣና ከታትፎ ወጡ ውስጥ ጨመረው። ምን እንደሆነ ግን አላወቁትም። ገና ሲቀምሱት «በምንቸቱ ውስጥ ሞት አለ» ብለው ጮኹ (2ኛ ነገሥት 4፥38-41)።

ሰውየው ክፉ አላሰበም። ለወንድሞቹ ምግብ ፍለጋ ነው የወጣው። ቅሉም ከፋብሪካ አልመጣም፣ ከሜዳ የተለቀመ ነው። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ ምንም አያደርግም» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ያ ምንቸት ትዝ ይለኛል።

ጓያን እንውሰድ። ዝናብ ሲያጥር እንኳ መረሬ ላይ ይበቅላል። ርካሽ ነው፣ ሽሮውም ይጣፍጣል፤ እውነቱን እንነጋገር። እናቶቻችን እንፋሎቱ ያሽመደምዳል ብለው ከድስቱ ያርቁን ነበር። ፍርሃታቸው ልክ ነው፣ ጥፋተኛው ግን እንፋሎቱ አይደለም። መርዙ ያለው ፍሬው ውስጥ ነው። አንድ ቀን የቀመሰ ሰው አይሽመደመድም። ለወራት ከጓያ ሌላ የሚበላ ያጣ ሰው ግን እግሩ ይያዛል፤ አንዴ ከያዘ ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ ጓያ የራብ ዘመን በሽታ ነው፣ የሚመታውም ድሃውን ነው። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ከገብስና ከሌላ እህል ጋር ማደባለቅ ጉዳቱን ይቀንሳል።

ኤልሳዕስ ምን አለ? «ዱቄት አምጡ» አለ። ተአምሩ የእግዚአብሔር ነው፤ ምንቸቱ ውስጥ የገባው ግን ከቤት የወጣ ዱቄት ነው። እኅቴ ሆይ፣ ሽሮ ስትገዢ ከምን እንደተፈጨ ጠይቂ። ጎረቤትሽ ጓያ ብቻ የምትበላ ከሆነ ደግሞ ከባቄላሽ አንድ ቁና ስፈሪላት። ጾማችን ያኔ ጾም ይሆናል።

ቅጠላ ቅጠሉም እንዲሁ ነው። ጤና አዳም ስልጆ ላይ፣ ቡና ላይ ጣል ሲደረግ ደስ ይላል። (ያለ እሱ ስልጆ ስልጆ አይመስለኝም።) ጨምቃ የምትጠጣ ነፍሰ ጡር ግን ፅንሷን ለአደጋ ትሰጣለች። ኮሶም መጠኑ ሲያልፍ ዓይን ያጠፋል። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረ ይነግረናል። እዚያው ላይ ሐኪምንም አክብር ይለናል። እኛ የመጀመሪያውን እናነብና ሁለተኛውን እንዘላለን።

አንድ ጊዜ ጻድቃኔ ማርያም ጸበል ስንሄድ አብራን የነበረች እናት በሶና ቆሎዋን ቋጥራ የደም ግፊት ክኒኗን ሆን ብላ ቤት ትታ መጣች። «ክኒን ይዤ ብሄድ እምነት የለኝም ማለት ነው» አለች። ማታ ራሷን ሲያዞራት ታሞ ለሞት ደርሶ የነበረውን ንጉሥ ሕዝቅያስን አነሳንላት። ጸለየ፣ እግዚአብሔርም ሰማው፤ ኢሳይያስ ግን የበለስ ጥፍጥፍ ቁስሉ ላይ አድርጉለት አለ (ኢሳ 38፥21)። ብዙ አሰበች። በማግስቱ ልጇ ክኒኑን በመኪና ላከላት። በጸበሉ ዋጠችው።